መጀመሪያ ጎተራው፦ ለዓለም አቀፍ የምርምር መረብ የፋይል ማከማቻና ድረ ገጽ አሠራር

ኬንያ፣ ኪሱሙ ካለችው ባልደረባችን የመጣችው ኢሜይል አጭር ነበረች። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጣና ላይ ምን ትሠሩ ነበር? ያውም በክረምት?»

እኛ በሌሊት ሐይቅ ላይ ወጥተን አናውቅም። የጎርጎራው ጀልባ ነጂያችን ሻዩን ሳይጠጣ ሞተር አያስነሳም። ፋይሉን ከፈትኩት። ቀን በሚለው ዓምድ 6/7/2016 ተጽፏል። ሰዓት በሚለው 3:00። ለእኛ ምንም ግርታ የለውም፤ መጋቢት 6 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ባልደረባችን ግን በፈረንጅ አነበበችው። ወሩ ጁላይ ሆነ፣ ሰዓቱ ውድቅት ሆነ፣ ዓመቱም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ቁጥሮቹ ደግሞ አልገጠሙላትም። ሌሊት ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ የእኛ ግን የቀን ልክ ነው። ክረምት ላይ ጣና ይደፈርሳል፤ የእኛ ውሃ ግን ጥርት ያለ ነው። መሣሪያችሁ ተበላሽቷል ልትለን ትንሽ ነው የቀራት።

የሚገርመው ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ሲጽፉ ግን በፈረንጅ ይጽፋሉ። እኛ ስንጽፍም እንደምናወራው ነን።

የእኛ መረብ ስለ እንቦጭ የሚሠራ ነው። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ፣ ሰውን አማሮ ነበር። ስለዚህ ከጎንደር፣ ከኪሱሙና ከአውሮፓ ሰዎች ተገናኘን። እኔ ፋይል ጠባቂ ተብዬ ተመረጥኩ። ማለትም ስብሰባው ላይ ያልመጣሁት እኔ ነበርኩ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነው። በነገራችን ላይ ዓመት ስጽፍ የፈረንጁን «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እለያለሁ፤ ሰው የምመክረውን ራሴ ካልሠራሁ ምኑን።

ከኮምፒውተር በፊት ደብተር

መረብ ሲቋቋም ሁሉም ቀድሞ የሚያወራው ስለ ድረ ገጹ ነው። ሎጎው ምን ይምሰል? ከላይ የፋሲል ግንብ ፎቶ ይግባ ወይስ ሐይቁ? ይሄ ወሬ ይጣፍጣል፤ ሥራው ግን እዚያ አይደለም ያለው። ድረ ገጽ አጥር ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ፋይሉ እህሉ ነው። እህል ሳይኖር አጥር ማሳመር የኋላ ኋላ ያሳፍራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠራ። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ማን ምን ፋይል አለው? የት ነው ያለው? ስንት ጊጋባይት ይሆናል? ውጤቱ ይህን ይመስል ነበር፦ ግማሹ ቴሌግራም ላይ፣ ሩቡ የአንዱ ላፕቶፕ ውስጥ፣ የቀረው ቫይረስ የበላው ፍላሽ ላይ። አንድ ሪፖርት በአምስት ስም ተገኘ። «የመጨረሻ» ይላል፣ «የመጨረሻ 2» ይላል፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ» ይላል። ትክክለኛው «የመጨረሻ» የሚለው ሆነ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቆጥራችሁ ስትጨርሱ በሦስት ክፈሉት። በእጅ ላይ ያለ፣ ገና የሚነካካ ፋይል አንድ። ያለቀ፣ ለዓለም የሚወጣ ፋይል ሁለት። ለማንም የማይወጣ፣ የሰው ሚስጥር ያለበት ፋይል ሦስት። ሦስቱን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ጤፍን፣ ዘርንና መድኃኒትን አንድ ከረጢት ውስጥ እንደመክተት ነው። ቀጥሎ ያለው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ክፍፍል ነው የሚመጣው።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ እኛ የተቃጠልነው እዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ፣ የገዛልን አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ካርድ፣ በመልካም ልብ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ውጭ ሄደ፤ ኢሜይሉንም ተወው። የዕድሳት ማስታወቂያው ማንም ወደማያየው ሳጥን ሲገባ ከረመ። አንድ ሰኞ ጠዋት ድረ ገጻችን ጠፋ። ኦርግ በሚሉት ዓይነት ዶሜይኖች ላይ ጊዜው ካለፈ በኋላ የ30 ቀን የመቤዣ ጊዜ አለ፤ ግን ለማስመለስ የሚጠየቀው ከመደበኛው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ተቤዠነው። ልጁን ማንም አልወቀሰውም፤ ጥፋቱ የሁላችን ነበር።

ከዚያ ያወጣነው ሕግ ይህ ነው። ዶሜይን፣ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር)፣ የማከማቻ አካውንት፣ ሁሉም በመረቡ ስም በተከፈተ ኢሜይል ይመዘገባል። የሰው ስም ያለበት ኢሜይል አይሆንም። ወደዚያ ኢሜይል መግባት የሚችሉ ሦስት ሰዎች ይሁኑ፣ ከሦስት የተለያዩ ተቋማት፣ ቢቻል ከሁለት አገር። አንዱ አገር ኢንተርኔት ሲጠፋ ሌላው ይደርሳል። እኛ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ አይተናል፤ ይሄ የሩቅ ስጋት አይደለም።

ፓስወርድ በቴሌግራም አይላክም። ኪፓስ ወይም ቢትዋርደን የመሰለ የፓስወርድ መያዣ ተጠቀሙ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ስታበሩ በአንድ ሰው ሲም ካርድ ላይ ብቻ እንዳታስሩት። ሰውየው ጠረፍ ሲሻገር ኮዱ ይቀራል። የማረጋገጫ አፕ ተጠቀሙ፤ አካውንቱ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮዶችም አትማችሁ በፖስታ አሽጉና የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ወረቀት ቻርጅ አያልቅበትም።

ክፍያው ሌላ ጣጣ ነው። ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ዶላሩን ከዚህ መላክ ነው ጭንቁ። ካርዱ የውጭ አጋር ይሁን፤ አካውንቱ ግን የመረቡ ይሁን። ከቻላችሁ ለብዙ ዓመት በአንዴ ክፈሉ። በኢትዮጵያ ስያሜ የሚያልቅ ዶሜይን ከፈለጋችሁ ደግሞ መሄጃው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ለዓለም አቀፍ መረብ ግን እኔ ኦርጉን እመርጣለሁ፤ የየትኛውም አገር ባልደረባ ቀን ሲጎድል ሊያድሰው ይችላል።

ጎተራው የት ይቁም?

ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው የራሳችሁን ሰርቨር ማቆም ነው። ዲስፔስ የሚባለው የማከማቻ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ኤምአይቲና ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ሲሆን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል። ከሃርቫርድ የወጣው ዳታቨርስም ለዳታ ጥሩ ነው። ግን ነጻ ማለት ያለ ሥራ ማለት አይደለም። ዲስፔስ ጃቫ ይፈልጋል፣ ፖስትግሬስ ይፈልጋል፣ ሶልር ይፈልጋል፣ ጠንከር ያለ ራም ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሄዶ የሚያስነሳው ሰው ይፈልጋል። ይህን ሰው በደመወዝ ካልቀጠራችሁ አትጀምሩት። እኛ አማራጩን ሰምተን ደስ ብሎን ነበር፤ ማን ይጠብቀዋል ስንባባል ሁላችንም ቡናችንን አየን።

ሁለተኛው የተቋም ወይም የአገር ማከማቻ ነው። በእኛ አገር ናድሬ የሚባል ብሔራዊ የአካዳሚክ ማከማቻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። የእናንተ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ መግባት አለበት። ለብዙ አገር ቡድን የጋራ ዳታ ግን የአንዱ አገር ማከማቻ ብቻውን ያጣብቃል።

ሦስተኛው፣ እኛ የመረጥነው፣ ዜኖዶ የሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ነው። ከጄኔቫ ወጣ ብሎ ያለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያንቀሳቅሰዋል። ነጻ ነው። በአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይትና እስከ 100 ፋይል ይቀበላል። ለእያንዳንዱ መዝገብ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል። መረቡ «ኮሚዩኒቲ» የሚባል የራሱን ክፍል ከፍቶ የሁሉንም ሥራ አንድ ላይ ማሳየት ይችላል። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ፋይሉ አያልቅም። ለኔ ነገሩን የቆረጠው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ የምርምር ገንዘብ ሦስት ዓመት ነው፣ ሐይቁ ግን አለ።

ፋሲል ግቢ የገባ ሰው የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት አይቷል። ግድግዳው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። መጻሕፍቱ ግን ውስጡ የሉም። አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ወደ መቅደላ ካስወሰዷቸው ብራናዎች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያሉት። ከዚያ ግቢ በወጣሁ ቁጥር ሰርቨር መግዛትና ፋይል ማቆየት አንድ ሥራ እንዳልሆኑ ትዝ ይለኛል።

እህሉን ማበጠር

ብዙውን ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ሌላው ሁሉ በሁለት ቀን ያልቃል።

ከስም ጀምሩ። የፋይል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ ይሁን። ቅርጹ በእኛ ፊደል ሲጻፍ እንዲህ ነው፦ እንቦጭ_ጎርጎራ_ውሃ_20240315_01። ርዕስ፣ ቦታ፣ ዓይነት፣ ቀን፣ ተራ ቁጥር። ቀኑ ከዓመት የሚጀምረው ኮምፒውተሩ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲደረድረው ነው። «የመጨረሻ» የሚል ቃል ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው።

ቀጥሎ ቀን። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ በሰረዝ፤ በፈረንጅ፦ 2024-03-15። የእኛን አቆጣጠር አትጣሉት፤ ሁለተኛ ዓምድ ክፈቱለትና በቃል ጻፉት፣ «መጋቢት 6 2016» ብላችሁ። ወሩ በቃል ከተጻፈ ማንም ጁላይ አይለውም። ስትቀይሩ ዝም ብላችሁ ስምንት ዓመት አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ልዩነቱ ሰባት ነው፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጃንዋሪ ስለሚገባ እዚያ ጋ በደንብ ተጠንቀቁ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመትም አንድ ቀን ታዛንፋለች። መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር እንጂ 11 አልነበረም። በእጅ ከመቁጠር መቀየሪያ አፕ ተጠቀሙ።

ሰዓትም እንዲሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 09:00 ተብሎ ይጻፋል። የዓምዱ ርዕስ ላይ «የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት» በሉ። ኪሱሙና ጎንደር ሰዓታቸው አንድ ነው፤ አውሮፓ ያሉት ግን በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

የቦታ ስም ሌላው ወጥመድ ነው። ደንቢያን በእንግሊዝኛ ፊደል አራት ዓይነት ስትጻፍ አይቻለሁ፣ ያውም በአንድ ኤክሴል ውስጥ። አንድ ዝርዝር አውጡ፤ ቦታው፣ በአማርኛ፣ በአንድ የተወሰነ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ከጂፒኤስ ነጥቡ ጋር። ሁሉም ከዚያ ይገልብጥ። በአማርኛም ቢሆን ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ አለ። ጎንደር አለ፣ ጐንደር አለ። ለእኛ ንባቡ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ፍለጋ ግን ሦስት ሐይቅና ሁለት ከተማ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ቃላት የሚገቡበት ቦታ ላይ ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ።

የድሮ የአማርኛ ሰነድ ካላችሁ ክፈቱና እዩት። ቀደም ሲል በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ከሆነ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ኮተት ሆኖ ነው የሚወጣው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ በሚጋሩት የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ቢሮ በአሮጌው ቀጥሏል። ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ካልተቻለ ቢያንስ ፎንቱን ውስጡ ባቀፈ ፒዲኤፍ አስቀምጡት።

የሰው ስም ደግሞ የኛ ዘላለማዊ ራስ ምታት ነው። የውጭ ሲስተም ሁሉ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። አንዱ ባልደረባችን በሦስት ጽሑፍ ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ታትሟል። አንዴ በራሱ ስም፣ አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በአያቱ። ፀሐይ የሚለውን ስም በቲ የምትጀምር አለች፣ በቲኤስ የምትጀምርም አለች። መፍትሔው ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪዎች መለያ ነው። ነጻ ነው፣ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ስማችሁ ቢገለባበጥም ቁጥሩ እናንተው ናችሁ። መረቡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፋይል ከመላኩ በፊት ኦርኪድ ያውጣ። አምስት ደቂቃ ነው።

በመጨረሻ ሪድሚ የሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። ከዳታው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ማን ሰበሰበው፣ የት፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ፤ እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት ነው፣ መለኪያው ምንድን ነው፣ ባዶ ሳጥን ሲኖር ዜሮ ነው ወይስ አልተለካም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። «አልተለካም» በዜሮ ተተክቶ አማካዩን ሲያበላሽ አይቼ ነው የምለው። ሰንጠረዡን ከኤክሴሉ ሌላ ሲኤስቪ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ቅርጽ አስቀምጡ፣ የፊደል ኮዱን ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ። አለበለዚያ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል።

የማይወጣው

ከዓሣ አጥማጆች ጋር ያደረግነው ቃለ መጠይቅ አለን። ድምፅ ነው። ሰው በድምፁ ይታወቃል፤ በተለይ ጎርጎራ ላይ። «ጋሼ እንትና ስለ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንዲህ አሉ» የሚለው ወሬ ለመድረስ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ ስላለው ሁኔታም ይደነግጋል። አውሮፓውያኑ አጋሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ ጂዲፒአር የሚባለውን የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ያከብራሉ። በተግባር ይህ ማለት ስም፣ ስልክ፣ ድምፅ፣ የቤት ጂፒኤስ፣ የጤና መረጃ ክፍት ማከማቻ ላይ አይወጣም። ስምን በቁጥር መተካት ብቻውን አይበቃም። «የመንደሩ ብቸኛዋ ሴት ጀልባ ነጂ» ካላችሁ ስም አላስፈለጋችሁም። የስምምነት ቅጹ ላይም ዳታው ለሌሎች ተመራማሪዎች እንደሚካፈል የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይግባ። ያለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየውን ፍለጋ መዞር ነው።

ለሚወጣው ፋይል ፈቃድ ምረጡ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 የሚባለው በቂ ነው፤ «ተጠቀሙበት፣ ግን ስማችንን ጥቀሱ» ነው የሚለው። «ይሰርቁናል» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። የወጣበት ቀን የተመዘገበና ዲኦአይ ያለው ፋይል ለመስረቅ ይከብዳል፤ ላፕቶፕ ውስጥ የተደበቀው ግን ሲሰረቅ ምስክር የለውም። ጽሑፋችሁ ገና ካልታተመ ደግሞ ዜኖዶ ፋይሉን እስከምትሉት ቀን ድረስ ዘግቶ መያዝ ይችላል።

አንድ ፋይል አብረን እንጫን

ዜኖዶ የመለማመጃ ቦታ አለው፣ ሳንድቦክስ ይሉታል። መጀመሪያ እዚያ ተለማመዱ፤ ቢበላሽም ማንም አያይም።

በኦርኪዳችሁ ግቡ። ከላይ ኮሚዩኒቲ የሚለውን ነክታችሁ የመረባችሁን ክፍል ክፈቱ፤ አባላትን ጋብዙ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ገምጋሚ ይሁን፤ የሚገባውን ፋይል አይቶ የሚያሳልፍ። ቀጥሎ «ኒው አፕሎድ»። ፋይሎቹን ጎትታችሁ ጣሉ። ዲኦአይ አላችሁ ወይ ሲላችሁ የለም በሉና እዚያው ውሰዱ፤ ቁጥሩን ሪድሚው ውስጥ ጽፋችሁ ሪድሚውን መልሳችሁ ጫኑት። ዓይነቱ ላይ «ዳታሴት» በሉ። ርዕስ ስትጽፉ ምን፣ የት፣ መቼ ይኑርበት። «የእንቦጭ ዳታ» ርዕስ አይደለም። «የውሃ ጥራት ልኬት፣ ጎርጎራ፣ ጣና ሐይቅ፣ ማርች 2024» ርዕስ ነው። ደራሲዎችን ከነኦርኪዳቸው አስገቡ። ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ ለግምገማ ላኩት።

አንዴ ከታተመ መግለጫውን ማረም ትችላላችሁ፤ ፋይሉን ግን እንደልባችሁ መተካት አትችሉም። ስህተት ካለ «አዲስ ቅጂ» ትከፍታላችሁ። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ዲኦአይ አለው፤ ሁሉንም የሚጠቀልል አንድ ዲኦአይም አለ። ድረ ገጹ ላይ የሚለጠፈው ጠቅላዩ ነው። ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ደግሞ የተጠቀማችሁበት ቅጂ ቁጥር ነው።

ኔትወርኩን እናውቀዋለን። ትልቅ ፋይል 90 በመቶ ደርሶ ሲቋረጥ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው። ከ1 ጊጋባይት በታች እየከፋፈላችሁ፣ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ጫኑ። የድሮን ምስል የመሰለ ከባድ ነገር ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በሰው መላክ ይሻላል። የሚሄድ ሰው አይጠፋም። የውጭ አጋር በሰላሳ ደቂቃ ይጭነዋል። ሲያልቅ ዜኖዶ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ኤምዲ5 የሚባል ረጅም ቁጥር ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የራሳችሁን ፋይል ቁጥር አውጡና አስተያዩ። ከገጠመ ፋይሉ ሳይጎድል ደርሷል።

በእጅ ላይ ላለው ሥራ

ይሄን በአጭሩ። ገና የሚጻፍ ሪፖርት ዜኖዶ ላይ አይገባም። ጉግል ድራይቭ ወይም ከአጋሮቹ አንዱ ተቋም የሚያስተዳድረው ኔክስትክላውድ ይበቃል። ፎልደሮቹ በሥራ ዓይነት ይከፈሉ እንጂ በሰው ስም አይሁን። ቴሌግራም ለወሬ ነው። የሰው ሚስጥር ያለበት ፋይል በፓስወርድ ተመስጥሮ ይቀመጥ፤ ማን ሊያየው እንደሚችልም በወረቀት ይጻፍ።

አሁን ድረ ገጹ

ጎተራው ከቆመ ድረ ገጹ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ወርድፕረስ ተጠቀሙ፤ የሚያውቀው ሰው ጎንደር ውስጥም ኪሱሙ ውስጥም አይጠፋም። አምስት ገጽ ይበቃል፦ ማን ነን፣ ምን እንሠራለን፣ ዳታና ጽሑፎች፣ አባላት፣ አግኙን። ፋይል ድረ ገጹ ላይ አትጫኑ፤ የዲኦአይ ሊንክ ብቻ ለጥፉ። ድረ ገጹ ነገ ቢፈርስ አንድም ዳታ አይጠፋም፤ በአንድ ቅዳሜ እንደገና ይቆማል።

ፕለጊን፣ ማለትም ወርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም፣ አታብዙ። ብዙ ጊዜ ሌባ የሚገባው ባልታደሰ ፕለጊን ነው። ድረ ገጹ በተመሰጠረ መስመር (ኤችቲቲፒኤስ) እንዲከፈት የሚያደርገው ሰርተፊኬት ከሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይገኛል፤ በየጊዜው መታደስ ስላለበት ሆስቲንጉ በራሱ እንዲያድሰው አድርጉ። የስልክ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ነው፤ ወደ 200 ኪሎባይት አሳንሱት። ስትጨርሱ አዘዞ ወይም ጠዳ ሂዱና በስልክ ዳታ ክፈቱት። አንድ ትንፋሽ ውስጥ ካልመጣ ከባድ ነው።

አማርኛ ገጽ ይኑር፤ ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ ሳይሆን ለአማርኛ አንባቢ የተጻፈ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ ፎንት ነው። በመስመሮቹ መካከል ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት፤ ፊደላችን ሲጨናነቅ አይነበብም። የደንቢያ የግብርና ባለሙያ ስለ ዲኦአይ ግድ የለውም። እሱ የሚፈልገው አረሙ ዘንድሮ የት ደረሰ የሚል አንድ ገጽና አንድ ካርታ ነው። በፒዲኤፍ ሥሩለት፣ በቴሌግራም ላኩለት።

መስከረም በመጣ ቁጥር

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ። ዜኖዶ አንዱ ነው። የቢሮ ሃርድ ዲስክ ሁለተኛው። የአጋር ተቋም ሰርቨር ሦስተኛው። ሃርድ ዲስኩን ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ፤ እሳትና ሌባ ሁለቱንም አብረው ነው የሚወስዱት።

በዓመት አንዴ፣ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ፖስታውን ከመሳቢያ እናወጣለን። ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አሁንም አሉ ወይ? ዶሜይኑ እስከ መቼ ተከፍሏል? ከዚያ ፈተና አለ። አንድ ፋይል በዕጣ ይወጣል። ስለ ፕሮጀክቱ ምንም የማያውቅ ተማሪ ከዜኖዶ ያወርድና በሪድሚው ብቻ ምን እንደሆነ ይነግረናል። እኛ አፋችንን ዘግተን እንቀመጣለን፤ ይሄ ከባዱ ክፍል ነው።

ዘንድሮ የወጣው ያው የጎርጎራው ፋይል ነበር። ልጅቷ ቀኑን በትክክል አነበበች፣ ሰዓቱንም፣ ቦታውንም። ከዚያ አንዱ ዓምድ ላይ ቆመች። «ይቅርታ፣ ሴኪ ምንድን ነው?» ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳህን ነው፤ በገመድ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት የውሃውን ጥራት ይነግራል። ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም አልጻፈውም። ሪድሚው ላይ አንድ መስመር ጨመርንና ቅጂ 3 ብለን አወጣነው።